የጠቆረው ብር

በዚህ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ላብራቶሪ በተገኘንበት ቀን መምህራችን እኩል ርዝመትና ውፍረት ያላቸው አራት ሽቦዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደሩልን፦ ብር፣ መዳብ፣ አሉሚኒየምና ብረት። ከመለካታችን በፊት የትኛው ኤሌክትሪክን ይበልጥ በቀላሉ እንደሚያሳልፍ እንድንገምት ጠየቁን። እኔ እጄን አውጥቼ በቅደም ተከተል ተናገርኩ። መምህሩ ደስ ብሏቸው «ከየትኛው መጽሐፍ አነበብሽው?» አሉኝ። ከመጽሐፍ አልነበረም። ያስተማሩኝ በከተማችን በመካነ ሰላም የሚኖሩ አንድ አንጥረኛ ናቸው፤ ትምህርቱንም ያገኘሁት የእናቴን ወፍጮ ካበላሸሁ በኋላ ነው። በዚያ ቀን በክፍሉ ፊት ይህን ለመናገር አፈርኩ። አሁን ግን እንደሆነው አድርጌ ልጽፈው እሞክራለሁ።

እናቴ ጅዳ ውስጥ ስምንት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰችው እኔ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ነው። ስትሄድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ከአረብ አገር የተመለሱት ሌሎች የከተማችን ሴቶች ልብስ ቤት ወይም ሻይ ቤት ሲከፍቱ እናቴ በመብራት የሚሠራ ወፍጮ ተከለች። ቋሚ መብራት ከተማው ከገባ ብዙ አልቆየም ነበር። እስከዚያ ድረስ ሰው ሁሉ የሚያስፈጨው በናፍጣ ወፍጮ ነው። የናፍጣው ዱቄት ይሸታል እያለ ሰው ቢያማርርም ወፍጮው አያቋርጥም ነበር። የእኛው ግን ገና ሥራ እንደጀመረ መብራት እየጠፋ ሁለት ሦስት ጊዜ ቆሞ ደንበኛ አስቀየመ። ከከላላ መንገድ አህያ ጭኖ የመጣ ሰው አንድ ጊዜ ሳያስፈጭ ከተመለሰ በሚቀጥለው ገበያ እኛን ለማየት እንኳን አይዞርም።

አንድ ቀን እናቴ ጤፍ እየነፋች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ይሄ ወፍጮ ሰው ካጣ ተመልሼ መሄዴ ነው። ሌላ የያዝኩት ነገር የለም» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም ልቅሶም አልነበረም። የአውቶቡስ ሰዓት የምትነግረኝ ነበር የምትመስለው። እኔ ግን እናት ያገኘሁት ገና በዚያ ዓመት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወፍጮው ሲነሳ ድምፁን ሳላዳምጥ አልፌ አላውቅም።

ለመርዳት የማደርገው ማጽዳት ነበር። እናቴ ንጽሕና ላይ ጥብቅ ናት። ጅዳ በነበረችበት ቤት በየሳምንቱ ሐሙስ የብር ጀበናዎችና ሰፋፊ የብር ትሪዎች ተደርድረው ይጠብቋታል። አሠሪዋ ትሪው ላይ ፊቷን አጥርታ ካላየች ሥራው እንደገና ይጀመራል። እናቴ አገሯ ከተመለሰች በኋላም ጠቆር ያለ ብረት ስታይ ዝም ብላ ማለፍ አትችልም፤ የበሩን ማጠፊያ ሳይቀር ታስወለውለኝ ነበር።

ወፍጮውን የተከለልን ባለሙያ ከደሴ የመጣ ሰው ነው። ሲተክል ግድግዳው ላይ ያለውን ሳጥን ከፍቶ ውስጡን አሳይቶኝ ነበር። ውስጡ ያለውን ዕቃ ኮንታክተር አለው። እናቴ አረንጓዴውን ቁልፍ ስትጫን ዕቃው «ጧ!» ብሎ ይዘጋና ትናንሽ ነጥቦች እርስ በርስ ይነካካሉ፤ ሞተሩ ኃይል የሚያገኘው በእነዚያ በኩል ነው። ነጥቦቹ ምስር የሚያህሉ ነጫጭ ነገሮች ናቸው። «ብር ናቸው» አለኝ። ብር እዚህ ምን ይሠራል ብዬ ገረመኝ፤ በአንድ ለአምስት ቡድናችን ውስጥ የፊዚክስ ጥያቄ የምመልሰው እኔ ስለነበርኩ ግን እንደሚያውቅ ሰው ራሴን ነቀነቅሁ።

ከአንድ ወር በኋላ ዋናውን ማጥፊያ አጥፍቼ ሳጥኑን ስከፍት ነጥቦቹ ጥላሸት መስለዋል። ደነገጥኩ። ብርጭቆ ወረቀት አምጥቼ አንድ በአንድ፣ እኩል አድርጌ ፈገፈግኳቸው። ሲያበሩ እናቴን ጠርቼ አሳየኋት።

«ማሻአላህ!» አለች። ክርስቲያን ናት፤ ግን ይህን ቃል ከጅዳም ባታመጣው እኛ ሰፈር አይጠፋም። «በእኔ ወጥተሻል።»

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የመጀመሪያ ሥራዬ እሱ ሆነ። ዓመት ሙሉ አንድም እሑድ አላሳለፍኩም።

የፋሲካ ገበያ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ወፍጮው እምቢ አለ። የዓመቱ ትልቁ ገበያ ነው። ግቢው በሰውና በአህያ ተሞልቶ ነበር። እናቴ አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫነች። ኮንታክተሩ «ጧ» አለ፤ ሞተሩ ግን አጉረመረመ እንጂ አልዞረም። የተቃጠለ ሽታ መጣ። ቶሎ ብላ ቀዩን ተጫነች። ጥቂት ቆይታ ደግማ ሞከረች፤ ባሰበት።

ከወግዲ በኩል የመጣ አንድ ገበሬ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ነበር። «እመቤት፣ ወፍጮሽም ሕማማቱን ያዘ እንዴ? እህል አልቀምስ አለ!» አላት።

ወረፋ የያዘች ሴት ተቀበለችው። «ተወው ወንድሜ፣ የመብራት ወፍጮ አይደል? ቁርስ ሳይቀርብለት አይነሳም።»

«ቀልዱን ተዉና ትንሽ ታገሡኝ» አለች እናቴ።

«እኛማ እንታገሥሽ ነበር፤ አህያዋ ናት የቸኮለች» አለና ገበሬው ጆንያውን መልሶ ጫነ። አህያዋን ወደ ናፍጣው ወፍጮ ሲያዞራት ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ የቀሩት አንዲት አሮጊትና የእሳቸው ቁና ገብስ ብቻ ነበሩ።

እናቴ ደሴ ያለውን ባለሙያ በሞባይል አገኘችው። ሽታውንና ድምፁን ስትነግረው ኮንታክተሩ እንዳለቀለት ገመተ። አዲስ ገዝቶ ለመላክ ፈቃደኛ ነው፤ ነገር ግን የበልጉ ዝናብ መንገዱን ስላበላሸው መኪና የሚደርሰው ከገበያው በኋላ ነው አላት። ስልኩን ዘግታ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። «እንግዲህ በቃ» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። ተመልሳ መሄዷ ነበር።

አሮጊቷ ገብሳቸውን ታቅፈው «ያን አንጥረኛ ለምን አትጠሪውም?» አሉ። «ድሮ የከተማውን ጄነሬተር ሲታመም የሚያድነው እሱ ነበር።»

አንጥረኛውን በዓይን አውቃቸዋለሁ። ከገበያው በታች ባለች ጠባብ ቤት ውስጥ የአንገት መስቀልና የሙሽራ አምባር ይሠራሉ። ሥራቸውን ሁሉም ይፈልገዋል፤ አንጥረኛ በመሆናቸው ግን አብሯቸው ማዕድ መቁረስ የማይወድ ሰው ጥቂት አልነበረም። እኔም ከዚያ ቀን በፊት ደጃፋቸውን ረግጬ አላውቅም ነበር።

ሲመጡ ከበሩ ጀምረው ሰላምታውን አረዘሙት፤ እኛን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ጠየቁ። የሁሉንም «አልሐምዱሊላህ» ሳይሰሙ ወደ ሳጥኑ አልቀረቡም። ከዚያ ዋናውን ማጥፊያ አጠፉ፤ በቴስተር ደግመው አረጋገጡ፤ ኮንታክተሩን ፈትተው ይዘውት ወደ ፀሐይ ወጡ። ነጥቦቹን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ይሄን ማን ፈገፈገው?» አሉ።

እናቴ ፈጥና መለሰች። «ኃይሉ ነው ጋሼ። ከፍ ዝቅ እያለ አቃጠለው።»

«ኃይል ያቃጥላል፤ አይሞርድም።» ወደ እኔ አዩ። «ወደ ቤት ልውሰደው። ልጅቷ ብሎኖቹን ትያዝልኝ፤ አንዱ ከጠፋ ሌላ የለኝም።»

ብሎኖቹን በመሐረቤ ቋጥሬ ተከተልኳቸው። ቤታቸው ውስጥ በአንድ በኩል ወናፍና የከሰል ምድጃ፣ በሌላው በኩል ደግሞ ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮዎችና የተቃጠሉ የመብራት ምድጃዎች አሉ። መስኮቱ ሥር አስቀምጠውኝ ኮንታክተሩን ከፊቴ ያዙት።

«ቁጠሪ። ሞተሩ የሚበላው በሦስት መስመር ነው። እነዚህ ሁለቱ ላይ ብሩ ሳስቶ እንደ ወረቀት ሆኗል፤ ግን አለ። በሦስተኛው ላይስ?»

ሦስተኛው ላይ ነጭ ነገር አልነበረም። ቀይ መዳብ ብቻ ነው የሚታየው፤ እሱም ተቃጥሎ ተቦርቡሯል።

«ብር ይጠቁራል» አሉ። «ጥቁሩ ግን መንገድ አይዘጋም፤ ኃይሉ አልፎበት ይሄዳል። መዳብ ሲጠቁር በር ይዘጋል። በሩ ሲዘጋ ይግላል፤ ሲግል የባሰ ይጠቁራል። ለዚህ ነው መዳቡ አናት ላይ ብር የሚያስቀምጡት። ብሩ ካለቀ አለቀ።»

ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ። «እኔ ነኝ ጋሼ። በየሳምንቱ እሑድ እፈገፍገው ነበር። ቆሻሻ መስሎኝ ነው።»

«አውቄያለሁ። እንዲህ እኩል አድርጎ የሚፈገፍግ ሰው ሰነፍ አይደለም።» ፈገግ አሉ። «ሰነፍ ብትሆኚ ወፍጮው ዛሬም ይፈጭ ነበር።»

ማልቀስ እየፈለግሁ ሳቅሁ። ከሰሉን እያቀጣጠሉ እያለ ድፍረት አግኝቼ ጠየቅኳቸው። ብር እንዲህ ጥሩ ከሆነ ሽቦው ሁሉ ለምን ብር አይሆንም?

«የወረዳችንን የቦረናን ሙሽራ ሁሉ አምባር ብናቀልጥ ወግዲ ይደርሳል? ለረጅም መንገድ የሚሆን ብር ከየት ይመጣል? ምሰሶው ላይ የምታዪው አሉሚኒየም ነው። ከመዳብ ያንሳል፤ ግን ቀላል ነው፣ ወፈር አድርገው ቢሰቅሉትም ምሰሶው ይችለዋል። ቤት ውስጥ መዳብ ይሻላል፤ አጥፈሽው አጥፈሽው ቶሎ አይሰበርም፣ ያጠበቅሽውም ብሎን ቶሎ አይላላም። ሁለቱን ያለ ማያያዣ፣ በባዶው ጠምዝዘሽ እንዳታገናኚያቸው ብቻ። እርጥበት ሲገባ አሉሚኒየሙ ይበላል። በዚህ ከተማ የተቃጠለ ቆጣሪ ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ቋጠሮ ነው።»

«የመብራት ምድጃውስ?»

«እሱ ሌላ ነው። እዚያ የምትፈልጊው እምቢ የሚል ሽቦ ነው፤ እምቢ ሲል ነው የሚግልልሽ። አየሽ፣ መጥፎ የሚባል ብረት የለም። ቦታውን የሳተ ነው ያለው።»

ይህን ሲናገሩ እጃቸው አልቆመም። የእኔ መምህራን እንዲህ ያለውን ነገር ሲነግሩኝ ደብተር ላይ ይጽፉልኝ ነበር፤ እሳቸው ግን እያንዳንዱን ብረት ከመደርደሪያው እያወረዱ መዳፌ ላይ ያስቀምጡልኝ ነበር። የአሉሚኒየሙን ቅለትና የመዳቡን ክብደት ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው።

በዚህ መካከል እናቴ ገባች። ሳትቀመጥ የጣቷን ቀለበት እያወለቀች ነበር። ከጅዳ ካመጣችው ወርቅ የቀራት እሱ ብቻ ነው፤ ሌላው ወፍጮው ሆኗል።

«ጋሼ፣ ወርቅ አይዝግም አይደል? ይሄን ቁረጡና በሱ ሥሩልኝ። ገበያው ብቻ አይለፈኝ።»

አንጥረኛው ቀለበቱን ተቀብለው መዳፋቸው ላይ አዩት። እኔ መቀሱን የሚያነሡ መሰለኝ።

«እማ፣ አይቆረጥ» አልኩ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ኃይሉ አይደለም። ስፈገፍገው ነው ያለቀው።»

«ምን አልሽ?»

ደገምኩላት።

«በየሳምንቱ?»

«በየሳምንቱ።»

«እኔ እያየሁሽ?»

«አንቺ እያየሽኝ። ማሻአላህ እያልሽኝ።»

የመጨረሻው ሳላስበው ነው የወጣኝ። አንጥረኛው ፊታቸውን ወደ ከሰሉ አዙረው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቃቸውን ነው የያዙት። እናቴ እጇን አነሣች። የምትመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ወናፉ አጠገብ ካለው ጉቶ ላይ ተቀምጣለች።

«እኔው ነኝ ያስተማርኳት» አለቻቸው። «ስምንት ዓመት ሙሉ የጠቆረ ብር ሳይ ጀርባዬን ነበር የሚበርደኝ።»

«ያኛው ብር ለዓይን ነው የኔ ልጅ። ይሄኛው ለሥራ ነው።» ቀለበቱን መለሱላት። «ወርቅ አይዝግም፤ እውነት ነው። ሬዲዮ ውስጥ ላለው ለቀጭኑ ሥራ ወርቅ ይቀቡታል። ወፍጮ ግን ሲነሳ እሳት ይተፋል። ወርቅ ለስላሳ ነው፤ ይቀልጥና ይጣበቃል። ከተጣበቀ ደግሞ ቀዩን ብትጫኚም አይቆምልሽም። አጥልቂው።»

ከዚያ ብር መምረጥ ጀመሩ። ይህን የብር መረጣ እስከ ዛሬ በዓይኔ አያለሁ። አንዲት ልጅ ከቤይሩት ያመጣችውንና እንዲጠገንላት የተወችውን አምባር ከድንጋይ ጋር አጋጭተው ድምፁን ሰሙና «ይሄ ብር አይደለም፤ ቀለም ነው» ብለው ለብቻው አስቀመጡት። መስቀል የሚሠሩበትን ንጹሕ ብር በጥርሳቸው ነከስ አድርገው «ይሄ ይለሰልሳል» አሉ። በመጨረሻ ከአሮጌ ጠገራ ብር የተረፈ ቁራጭ ከቆርቆሮ ውስጥ አወጡ።

«እሱ መዳብ የተቀላቀለበት ነው» አሉ። «ትንሽ ብቻ። ስለዚህ ጠንከር ይላል። ቁልፉን በቀን ስንት ጊዜ ትጫኚዋለሽ? እያንዳንዷ ጥፊ ናት። ይሄ ጥፊ ይችላል።»

የተቃጠለውን መዳብ ፊት እስኪቀላ አጸዱት። ከጠገራው በመሮ ቆርጠው፣ ቀጥቅጠው፣ ከምስር ትንሽ የሚበልጡ ቁራጮች አደረጉ። ብየዳ በሚያስይዝ ነጭ ዱቄት ቀብተው፣ የመበየጃውን ብር ሥራቸው አድርገው መዳቡ ላይ አስቀመጧቸው። ወናፉን የነፋችው እናቴ ናት። «ቀስ፣ ቀስ… አሁን ጨምሪ… በቃ!» ይሏታል፤ እሷም ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ ፊቷ በከሰሉ ቀልቶ ትታዘዛለች። መበየጃው እንደ ውሃ ፈስሶ ሲገባ ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየን።

እኔ ሥራው ያለቀ መሰለኝ። ለእሳቸው ግን ገና ነበር። ሦስቱም መስመሮች እኩል ካልተነካኩ አንዱ የሌላውን ሸክም ይሸከምና ተመልሶ ያልቃል አሉኝ። ከአንድ አሮጌ ደብተር ቀጭን ወረቀት አስቀድደውኝ በሦስቱም መካከል አስገቡና ኮንታክተሩን በእጃቸው ዘጉት። «ሳቢ» አሉኝ። ሁለቱ ወረቀቶች ተንሸራተው ወጡ፤ አዲሱ ብር ያለበት ብቻ ተይዞ ቀረ። አዲሱን በሞረድ አንድ ሁለት ጊዜ ነክተው እንደገና ዘጉ። «ሳቢ።» አሁንም እንዲሁ። አንድ ጊዜ እንኳን ሳይቸኩሉ፣ ሳይቆጡ፣ ስምንት ወይም ዘጠኝ ጊዜ ደጋገሙት። ሁለቱን የሳሱ ነጥቦች በሞረዱ ጫፍ እንኳን አልነኳቸውም። እኔ ዓመት ሙሉ ጎበዝ መስዬ የፈገፈግኩትን እሳቸው በአንድ ከሰዓት ሲሳሱለት አየሁ። በመጨረሻ ሦስቱም ወረቀቶች ተያዙ። ስስበው አንዱ ተቀደደ።

«አሁን ገና» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት መጥተው ሲገጥሙት ለእናቴ አስረግጠው ነገሯት። ይህ ጥገና ነው፤ የደሴው ዕቃ እንደደረሰ መቀየር አለበት። ወፍጮው ባዶውን ይነሣ፤ እህሉ የሚገባው ከዞረ በኋላ ነው። በአንድ ደንበኛና በሚቀጥለው መካከል አታጥፊው፤ ይዙር። ከዚያ ቁልፉን ራሳቸው ተጫኑ። «ጧ» አለ፤ ሞተሩ ሳያጉረመርም ተነሣ። የአሮጊቷን ገብስ ፈጨንበት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዋናውን አጥፍተው የሦስቱን መስመሮች ብሎኖች በእጃቸው ጀርባ በየተራ ነኩ፤ ከዚያ የእኔን እጅ ይዘው አስነኩኝ። ሦስቱም እኩል ለብ ብለዋል። አንዱ ከሌላው አይበልጥም። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ሙቀት ነክቼ አላውቅም።

የገበያው ቀን መጀመሪያ የመጡት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። የናፍጣው ወፍጮ ወረፋ መንገዱን ሲዘጋ ግን ሰው ወደ እኛ መፍሰስ ጀመረ። እናቴ ባዶውን እያዞረች ታስገባለች፣ ትመዝናለች፣ ትጣራለች፤ ቅንድቧ ሳይቀር በዱቄት ነጭ ሆኗል። ቁልፉን ያን ቀን የተጫነችው በጣም ጥቂት ጊዜ ነው፤ በተጫነች ቁጥር እኔ የያዝኩትን ጆንያ አጥብቄ እይዝ ነበር። አንድም ጊዜ አላሳፈረንም።

ገበያው ሊበተን ሲል ከከላላ መንገድ የመጣች አንዲት ሴት ሁለት ጆንያ አውርዳ አንዱን ብቻ አስፈጨች። በቅሎዋ ስለደከመች ሁለተኛውን መልሳ ለመጫን አልፈለገችም። ጆንያው ላይ እጇን አድርጋ እናቴን ፊት ለፊት አየቻት።

«ትቼልሽ ልሂድ ነበር፤ ለሚመጣው ገበያ ዱቄቱን ልወስድ። ግን ተመልሳ አረብ አገር ልትሄድ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነቱን ንገሪኝ እህቴ፤ ትኖሪያለሽ?»

ወፍጮው ይዞር ነበር። እናቴ ወደ ሳጥኑ አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ አየች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ የጆንያውን አፍ ያዘችና ወደ ውስጥ ጎተተችው።

«እኖራለሁ» አለቻት። «ስምሽን ንገሪያትና ልጄ ትጻፍበት።»